ጠብቆ ነው

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ሊፍቱ ዛሬም አይሠራም። አራተኛ ፎቅ በእግር... የሕግ የበላይነት ማለት ይሄ ሳይሆን አይቀርም። ሁልጊዜ ላይ ነው፣ ማንም አይደርስበትም።

የዳኝነት ዕጩዎች ቅጽ ደረሰኝ። ዘጠኝ ገጽ! የመጨረሻው ጥያቄ፦ «በሕግ ሙያ የተሰማሩበት ዓላማ ምንድን ነው?» መልስ መስጫው ሦስት መስመር። አሥራ አንድ ዓመት ዐቃቤ ሕግ ሆኜ ሦስት መስመር ይበቃኛል? በቃኝ። እንዲያውም ተረፈኝ። «ድምፅ ለሌላቸው ድምፅ ለመሆን» ብዬ ጻፍኩ። ያምራል።

«የሚኮሩበትን አንድ መዝገብ ያያይዙ» ይላል ደግሞ። ለዚህስ ማሰብም አላስፈለገኝ። የዘበኛው መዝገብ። የመጀመሪያው ከባድ ክርክሬ ነበር፣ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። አለቃዬ ያን ዕለት እጄን ጨብጦ «አንቺ ሴት፣ ምላስሽ ምላጭ ነው» አለኝ። አልረሳውም።

ጥቅምት 6

መዝገቡ ተገኘ። ጠርዙን አይጥ በልቶታል። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ አቧራውን እያራገፈች «ምነው፣ የሞተ ታስነሺያለሽ?» አለችኝ። ሳቅን።

ጉዳዩን ለቅጹ አሳጠርኩት። የመጋዘን ዘበኛ። ማለዳ በሩ ላይ ጠብ ተነሣ፣ አንድ ሰው የድንጋይ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። ዘበኛው «ዱላዬን ቀምቶ ደበደበኝ፣ ልይዘው ስል ተያይዘን ወደቅን» አለ። ማንም አላመነውም። ያየች አንዲት ሴት ብቻ፤ ከመንገዱ ማዶ አትክልት የምትሸጥ። ችሎት ሳትቀርብ ሞተች። ለፖሊስ የሰጠችውን ቃል ቆሜ ያነበብኩት እኔ ነኝ። አሥራ አራት ዓመት ተፈረደበት።

ጥሩ ማጠቃለያ ወጥቶታል።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

አባዬ ጋ ዋልኩ። ዐይኑ ደክሟል፤ ጋዜጣ የማነብለት እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ቋንቋ ያስተማረ ሰው ዝም ብሎ መስማት የት ያውቃል! «አጥብቂው።» «አላላሽው።» «ነጠላ ሰረዙን ዋጥሽው እንዴ?» ጋዜጠኛው ይሳሳታል፣ ቁጣው እኔ ላይ።

ከዚያ የዘበኛውን መዝገብ አወጣሁ። ኮሚቴው ፊት የምናገረውን ልለማመድ ብዬ... ለራሴም ልዋሽ? እንዲኮራብኝ ፈልጌ ነው።

የሴትዮዋ ቃል ጋ ደረስኩ። «የሰው ጩኸት ሰምቼ ወጣሁ። ዘበኛው በዱላ ይመታ ነበር። ወዲያው ሁለቱም ተያይዘው ወደቁ።»

«ማን ማንን መታ?» አለ አባዬ።

«ዘበኛው ነዋ። ይመታ ነበር ይላል።»

«ማንን?»

«ሟቹን።»

«ሟቹን ብሎ ጽፏል?»

አየሁት። «አይ... አልጻፈም።»

«እስቲ ‹መ›ን አጥብቀሽ አንብቢው።»

አነበብኩት። ዘበኛው በዱላ ይመታ ነበር። ያው ፊደል ነው። የተጨመረ የለ፣ የተቀነሰ የለ። ‹መ› ሲላላ ዘበኛው መቺ ነው። ሲጠብቅ ተመቺ።

ክው አልኩ።

አባዬ «በእኔ ክፍል ቢሆን አንድ ማርክ ነበር የምቀንስብሽ» አለ። ሊያጽናናኝ ነው መሰለኝ።

ጥቅምት 10

አይሆንም። ሦስት ዳኞች ነበሩ። ጠበቃም ነበረው (ሲያዛጋ የሚውል ቢሆንም)። ያን ሁሉ የተማረ ሰው አንድ ‹መ› ያሞኘዋል? አባዬ እንደሆነ አንድ ፊደል ከያዘ አይለቅም።

ምሳ አልበላሁም።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

ቢሮዬን ቆልፌ ከገጽ አንድ ጀመርኩ። ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት።

ገጽ 31፣ የሐኪም ወረቀት። የዘበኛው ግራ ክንድ ከክርኑ በታች ተሰብሯል። ከጎኑ በራሴ እጅ ጽሑፍ «ሲሸሽ ወድቆ» ይላል። ማን ነገረኝ? ሲወድቅ ማን አየው? ማንም! ከራሴ አምጥቼ ነው የጻፍኩት።

ተነሣሁና ዱላ የመጣብኝ ያህል ክንዴን ወደ ላይ አነሣሁ። ብቻዬን፣ እንደ እብድ። ቢመቱኝ የሚሰበረው እዚያችው ጋ ነው።

መዝገቡን ዘጋሁት፤ ከገጽ 31 አላለፍኩም።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

የሴትዮዋን ቃል የጻፈውን የፖሊስ ጸሐፊ ስፈልግ ሰነበትኩ። ለካ አፍንጫዬ ሥር ነው! ጡረታ ወጥቶ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ ይጽፋል። በየቀኑ አጠገቡ አልፋለሁ እኮ።

ወረቀቱን ሰጠሁት። መነጽሩን በሸሚዙ ጠረገ።

«የእኔ ጽሑፍ ናት። እጄ ቆንጆ ነበር አይደል?»

«ሴትዮዋን ያስታውሷታል?»

«እሷን? እያለቀሰች ነበር የነገረችኝ። ‹ምስኪን፣ እንዲህ እያደረገ ይመታ ነበር› ብላ...» ሁለት ክንዱን አናቱ ላይ አጣመረ። «እኔም ይመታ ነበር ብዬ ጻፍኩ። ለመርማሪው ሰጠሁ፣ በወሩ ተዛወርኩ።»

ይመታ ያለው አጥብቆ ነው። ሁለቱንም ጊዜ።

«ዘበኛው ተፈርዶበታል» አልኩት።

«በምን ማስረጃ?»

«በዚህ ወረቀት።»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ሳቁን ዋጠው። «እኔ ጻፍኩ እንጂ አላነበብኩም። የትኛው ደንቆሮ ነው ያነበበው?»

«እኔ ነኝ።»

ባለጉዳይ የሚቀመጥበትን በርጩማ ወደ እኔ ገፋ አደረገው። ቁጭ አልኩ።

ጥቅምት 15

ለአለቃዬ ነገርኩት። ክንዱን፣ ‹መ›ን፣ ጸሐፊውን፣ ሁሉን።

«የተዘጋ መዝገብ ነው» አለ።

«ሰውዬውም ላይ ተዘግቶበታል እኮ።»

«ሹመትሽ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። ከዚያ በኋላ ቀስ ብለን እናየዋለን።»

«ሁለቱን ሳምንት ማን ይታሰርለት?»

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ እያንከባለለ አየኝ። «እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ ሁሉም ስሕተቴን ልናገር ካለ ወንበሩ ላይ ማን ይቀራል?»

አላሾፈም፣ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። የደነገጥኩትም ለዚህ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። እናቴ ስትታመም ደሙን የሰጠ ሰው ነው።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ። ጠዋት

ማረሚያ ቤት። የጠያቂ ክፍል፣ ሁለት ወንበር፣ መሐል ላይ የሽቦ ፍርግርግ። የዘበኛው ፀጉር ጥጥ መስሏል። ግራ ክንዱ ተጣሞ ነው የገጠመው። እኔ አላወቅኩትም፤ እሱ ገና ከበሩ ስገባ ዐወቀኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ያኔ ችሎት ላይ «አንተ» ነበር የምለው። ዛሬ «እርስዎ» አልኩት። ዘወር ብሎ ኋላውን አየ። ሌላ ሰው የመጣ መስሎት ነው።

የሴትዮዋን ቃል ላነብለት ስጀምር አስቆመኝ። በቃሉ ይወጣዋል። ‹መ›ን ጥብቅ አድርጎ አለልኝ።

«ያን ዕለት ተነሥቼ ጮኼልዎት ነበር እኮ» አለ።

«ምን ብለው?»

«ጠብቆ ነው! ጠብቆ ነው! ብዬ። ስድስተኛ ክፍል ደርሻለሁ፣ መምህራችን በማስመሪያ እየገረፈ ያስተማረን ነገር ነው። ፖሊሶቹ አፌን ሲይዙኝ ዳኛው ይመዝገብ አሉ። ይመዝገብ ሲሉ ደስ አለኝ። አንድ ቀን የሚያነበው አይጠፋም ብዬ።»

እንዴት ተነሥቼ እንደወጣሁ አላውቅም። ተሰናብቼዋለሁ? አልመሰለኝም።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ገጽ 58። አለ። «ተከሳሹ ተነሥቶ ‹ጠብቆ ነው› በማለት ስለረበሸ እንዲቀመጥ ታዟል።»

ከሥሩ ቀይ መስመር። የእኔ።

የመጨረሻ ንግግሬም ተያይዟል። «ክቡራን ዳኞች፣ ተከሳሹ ሟቹን አድፍጦ እንደ መታ በገዛ አንደበቱ አምኗል። ‹ጠብቆ ነው› ብሏል!» ፍርዱም ተቀብሎኛል። ቅጣቱን አሥራ አራት ያደረሰው ይሄው ማድፈጥ ነው።

«ጠብቆ» ራሱ ሁለት ነው ለካ! ‹ብ› ሲላላ ፊደሉ ጠበቀ ማለት ነው። ‹ብ› ሲጠብቅ ሰውዬው ጠበቀ፣ አደባ ማለት ነው። ሰውዬው አነባበቤን አረመኝ። እኔ ደግሞ እርማቱን የእምነት ቃል አድርጌ አሠርኩት።

ግን እኮ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ! እዚያው ነበርኩ። ግርግር ነበር... ወይስ መስማት የፈለግኩትን ሰማሁ?

ድምፅ ለሌላቸው ድምፅ ልሆን ነበር አይደል? ድምፅ ነበረው። ጮኾ ነበር።

ጥቅምት 19

መሬት ተከፍታ አልዋጠችኝም። ቢሮ ገባሁ።

ጥቅምት 21

ፍርዱ እንደገና እንዲታይ ማመልከቻ ጻፍኩ። የራሴንም የምስክርነት ቃል። ከማስገባቴ በፊት ለአባዬ አነበብኩለት። ዐይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። አንድም ቦታ አላረመኝም፤ ፈራሁ።

«‹እኔ› የሚል አሥራ ሰባት ጊዜ ቆጠርኩ» አለ በመጨረሻ። «አዘንኩ፣ ተጸጸትኩ፣ ደነገጥኩ... ጉዳዩ የማን ነው፣ ልጄ? የአንቺ ነው የሰውዬው?»

አፈርኩ። ቀደድኩት። አዲሱ የሚጀምረው በተሰበረው ክንድ ነው።

ዕጩነቱ ይቅርብኝ ብዬ ቅጹንም መለስኩ። ከመመለሴ በፊት ያቺን የምታምር መስመር ሰረዝኳት። ምትኳ ምን ልጻፍ? ሦስቱንም መስመር ባዶ ተውኳቸው።

ኅዳር 2፣ ሰኞ

የዲሲፕሊን ደብዳቤ ደረሰኝ። «የመሥሪያ ቤቱን ክብር በሚነካ መልኩ...» አለቃዬ ደረጃው ላይ ሲያገኘኝ ስልኩን ያወጣል። የሚደውልለት የለም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይሄ ነው። እኔስ? አባዬ ባይጠይቀኝ እስከ መቃብሬ በዚያ መዝገብ ስኮራ አልኖርም ነበር?

ስንት መዝገብ አለኝ? ሁለት መቶ? ሦስት መቶ? ስንቱን አላልቼ አነበብኩ?

ታኅሣሥ 9

ችሎት። ምስክር ቆሞ ማየት እንጂ ምስክር ሆኖ መቆም ለካ ሌላ ነው። እጅ የት ይደረጋል?

ፊት ጸሐፊው መሰከረ። ጃንጥላውን ይዞ መጣ፣ ፖሊሶቹ በር ላይ ተቀበሉት። ክንዶቹን አናቱ ላይ አጣምሮ አሳየ። ከዚያ የመሐል ዳኛዋ ወረቀቱን ሰጡኝ። «ሁለቱንም አነባበብ ያሰሙን።»

አላልቼ አነበብኩ። አጥብቄ አነበብኩ። ቀጥዬ ገጽ 58ን፣ እሱንም ሁለት ጊዜ።

ዳኛዋ እስክሪብቶ አልያዙም። «ጠብቆ... ጠብቆ...» አሉ ለራሳቸው፣ ቀስ ብለው፣ በሁለቱም ዓይነት። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። እንደ እኔ ክው ሲሉ።

እሱ ከኋላ ወንበር ላይ ነበር። ዛሬ አልጮኸም።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ተወሰነ።

ከጥር ጀምሮ ምድር ቤት ነው የምሠራው፣ ቃል መቀበያ ክፍል። ዝቅ ማለት ነው አሉ። ቢያንስ ሊፍት አያስፈልገኝም። እያንዳንዱን ቃል ለባለቤቱ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። «እንዲህ ነው ያሉት? እንዲህ ነው ወይስ እንዲህ?» ሰልፉ ይረዝማል። ባልደረቦቼ «መምህርት» ብለው ስም አውጥተውልኛል። ይበሉ።

የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ ራሴ ይዤ ማረሚያ ቤት ሄድኩ። ያው ክፍል፣ ያው ፍርግርግ። ይቅርታ እንዴት እንደምለው መንገዱን ሙሉ ስለማመድ ነበር። ገና አፌን ስከፍት በተጣመመ እጁ አስቆመኝ።

«እሱ ይደርሳል። መጀመሪያ ወረቀቱ።»

በፍርግርጉ ሥር አሾለክሁለት። አልነካውም። ማንበብ እንደሚችል ዐውቃለሁ፣ እሱም እንደማውቅ ያውቃል። ወረቀቱን ወደ እኔ መልሶ ገፋው።

«እርስዎ ያንብቡልኝ። ጮክ ብለው።»

ሙሉውን አነበብኩ፣ መስመር ሳልዘል፣ ቀኑን፣ ቁጥሩን፣ የዳኞቹን ፊርማ ሳይቀር። የመጨረሻዋ ቃል አንዲት ናት።

«ይፈታ።»

ዐይኑን ከአፌ ላይ አላነሣም። «ጠብቆ ነው?» አለኝ።

«ጠብቆ ነው» አልኩት።

ያን ጊዜ ነው ከወንበሩ የተነሣው።