ለጀማሪ ሥራ የሦስት ዓመት ልምድ ለጠየቁኝ ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ ኢንጂነር ሙዕተሲም
የሶፍትዌር ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
ኢርቢድ ከተማ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለተከበሩት ባለቤትዎና ለደም ግፊትዎ ሙሉ ጤንነት እየተመኘሁ፣ አምና በኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቅሁት እኔ ሲሪን ለዋሉልኝ ውለታ በአደባባይ ላመሰግንዎ ስለፈለግሁ፣ ይህን ደብዳቤ በአክስቴ የሴቶች ፀጉር ቤት መስታወት ላይ በውጭ በኩል ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፤ «ጀማሪ ፕሮግራመር ይፈለጋል፤ የሥራ ልምድ ሦስት ዓመት» የሚለውን ማስታወቂያዎን አይቼ በመጣሁ ጊዜ፣ ልምድ ከየት እንደሚገኝ ብጠይቅዎ «ሥራ ላይ ነዋ፣ ልጄ!» አሉኝ፤ ሥራውስ ከየት ብል «ልምድ ይዘሽ ስትመጪ» ብለው በትዕግሥት አስረዱኝ። እናቴ «ሲሪን ሥራ ያዘች ወይ?» የሚሏትን ጎረቤቶች ሽሽት ገበያ መሄድ ትታ ነበርና፣ ይህን ጥበብዎን ስነግራት ግንባሯን ያዘች።

ሁለተኛ፤ ምክርዎን ተቀብዬ ልምድ ፍለጋ አክስቴ ዊጅዳን ዘንድ ገባሁ። ወረፋ የሚይዝና የደንበኛዋ ፀጉር ሲያልቅ ሊወስዳት ለሚመጣው ሰው መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ሠራሁ። ሴቶቹ በወረፋ መጣላት ተዉ፤ አሁን የሚጣሉት በሌላ ጉዳይ ነው። ይህን ይዤ ዳግም ብመጣ ግን ገና ሳያዩት «ፀጉር ቤት ደግሞ ልምድ ሆነ?» ብለው ከልብዎ ሳቁ። በሳቅዎ መሃል ስልክዎ ጮኸ፤ «የወይዘሮዋ ቀለም ታጥቧል፤ ብርድ ሳይመታቸው ይድረሱ» ይላል። መልእክቱን የላከው የኔው ፕሮግራም መሆኑን ልነግርዎ አፌን ስከፍት፣ እርስዎ ሻይዎን ጥለው ደረጃውን እያጋመሱ ነበር።

ሦስተኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ ከዚያ ወዲያ የሆነውን አክስቴ ስትነግረኝ ግን ከሳቄ ብዛት ጠፋብኝ። ወንድ አይገባምና ከመጋረጃው ውጭ ቆመው ሳለ፣ ባለቤትዎ ወይዘሮ ኢብቲሃል «ምነው ዘገየህ?» ቢሉዎ «አንዲት ልምድ የሌላት ልጅ ሳሰናብት ነዋ፤ የፀጉር ቤት ወረፋ ምናምን ሠራሁ ትላለች» ብለው እውነቱን መናገርዎ ያስመሰግንዎታል። ከመጋረጃው ማዶ መቀስ ይዛ የቆመችው የልጅቷ አክስት መሆኗን አለማወቅዎ የእርስዎ ጥፋት አይደለም።

«የእህቴን ልጅ ነው?» አለች አክስቴ።

የፀጉር ማድረቂያዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠፉ አሉ። ወይዘሮ ኢብቲሃልም በእርጥብ ፀጉራቸው ወንበሩ ላይ ተደላድለው «በል ደውልላት። እስክትቀጥራት ከዚህ ንቅንቅ አልልም፤ እራትህን ራስህ ሥራ!» አሉዎ።

ደወሉልኝ። «የሥራ ሳምንቱ ሲጀምር፣ እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ግቢ» ሲሉኝ ድምፅዎ ትንሽ የታፈነ ስለመሰለኝ ጉንፋን ይሆን ብዬ አሰብኩ። እናቴ ያሰማችውን እልልታ ግን እርስዎም ሳይሰሙት አልቀሩም።

ስለ ሰፊው አስተዋይነትዎ፣ ይልቁንም ስለ ባለቤትዎ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ከእሑድ ጀምሮ ትእዛዝዎን በታላቅ አክብሮት የምጠባበቅ፣

ምንም ልምድ የሌላት ሠራተኛዎ
ሲሪን አል ዑመሪ

ማስታወሻ፦ ውሌ የሦስት ወር የሙከራ ጊዜ እንዳለው ነግረውኛል፤ በደስታ ተቀብያለሁ። ወይዘሮ ኢብቲሃል ለእርስዎም ያንኑ ያህል ጊዜ እንደሰጡዎ እንዳስታውስዎ አደራ ብለውኛል።