አራተኛው ድርሻ

ዘይነቤ፣ የአላህ ሰላም ባለሽበት ይድረስሽ።

ከተለየሽን ዓመት ሊሞላ ነው። ያላንቺ የመጀመሪያውን አረፋ አሳለፍን። የምጽፍልሽ እንዴት እንዳሳለፍነው ልነግርሽ ነው።

ቤቱ እንዳለ ነው። የጓሮው ማንጎ ዘንድሮ ብዙ አፍርቶ አብዛኛው መሬት ላይ ወድቆ ቀረ፤ ለጎረቤት የምታከፋፍይው አንቺ ነበርሽ። ወንዱ ልጃችን ዐብዱ ባጃጁን ሲነዳ ውሎ በሰዓቱ ይገባል፤ ብዙ አያወራም። የከበደኝ የሰዓዳ ነገር ነው። አንቺ ከሞትሽ ወዲህ ልጃችን ከእኛ ጋር ትሪ ቀርባ አታውቅም። ምግቡን ታቀርብልንና የራሷን በሳህን ይዛ ኩሽና ትገባለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። በትሪው ዙሪያ ያንቺ ቦታ ክፍት ነው፤ እኔም ወደዚያ አላይም።

እሷን ወደ ትሪው ቢመልሳት ብዬ በአረፋ ማግስት የድንች ድርቡን፣ ያን ሥጋ ላይ ድንች የሚደረብበትን ምግብ፣ ልሠራ ተነሣሁ። ልጃገረድ ሳለሽ አዲስ አበባ ፈረንጆች ቤት ስትሠሪ የተማርሽውን፣ በየዓመቱ ከአረፋው በግ በተረፈው ሥጋ የምትሠሪልንን። ፈረንጆቹ የእረኛ ምግብ እንደሚሉት ስትነግሪኝ፣ የእኛ አገር እረኛ ይህን ሁሉ ሥጋ ከየት ያመጣል ብዬሽ ከሳቅሽ ብዛት ማማሰያው ከእጅሽ ወድቆ ነበር።

ድንቹን ከደብረ ሲና የወረደውን መረጥኩ፤ የቆላው ውኃ ይበዛዋል ትዪ ነበር። ሥጋውን በቢላ አደቀቅሁና እዚሁ ሮቢት ከበቀለው ሽንኩርት ጋር አቁላላሁት። ሥጋው እንዲበረክት እንዳንቺው የተቀቀለ ማሾ ጨመርኩበት። ፈረንጆቹ ማሾ አያውቁም፤ እሱን የጨመርሽው አንቺ የይፋቷ ነሽ። ድንቹን ቀቅዬ ከቅቤና ከወተት ጋር ደፈጠጥኩና ሥጋውን አለበስኩት። ኦቨን የለንምና ብረት ድስቱን ከሰል ላይ ጥጄ ክዳኑም ላይ ፍም ደረደርኩ። ዐብዱ ሲያልፍ አየኝና፣ አባዬ፣ ድስቱን ነው ቤቱን የምታቃጥለው አለኝ። በዚህ ቤት ቀልድ ከሰማሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

ድስቱን ከመክደኔ በፊት የድንቹን ፊት በሹካ ከፈልኩ። የእያንዳንዳችንን ድርሻ እንዲህ በመስመር ትለዪልን ነበር፤ እጄም ዘመኑን ሁሉ ያየውን አደረገ። ያደረግሁትን ያወቅሁት ድስቱን ትሪው ላይ አስቀምጬ ክዳኑን ስከፍት ነው። ሦስት ሆነን ለአራት ከፍዬዋለሁ።

ዐብዱ የዘረጋውን ማንኪያ መለሰ። ልጆቹን ላሰባስብ ብዬ ቁስላቸውን የነካሁባቸው መሰለኝ።

ሰዓዳ ከኩሽናው በር ላይ ሆና አየችው። መጥታ አራተኛውን ድርሻ ሳታፈርስ አነሣችና ሳህን ላይ አደረገችው። የእማዬ ሰደቃ ነው አለች። ገላሽን ላጠቡት ጎረቤታችን ለእትዬ ዘሃራ ይዛው ወጣች። እስክትመለስ እኔም ዐብዱም እጃችንን አልሰደድንም።

ስትመለስ ባዶውን ሳህን አስቀመጠች፤ ወደ ኩሽና ግን አልገባችም። ያንቺ ቦታ ላይ ተቀመጠች። አንድ ማንኪያ ቀምሳ፣ ጨው የለውም እኮ አለች። እውነቷን ነው፣ ረስቼዋለሁ። ዐብዱ ተነሥቶ አመጣና እሷ ነሰነሰችልን። ቤታችን ደስ አለው ብዬ አልዋሽሽም። ሰዓዳ አንገቷን ደፍታ ነበር የበላችው፤ እንባዋ ድርሻዋ ላይ ሲወርድ አይቼ እንዳላየ ሆንኩ። ሁላችንም ጥቂት ጥቂት ነው የበላነው። ከአንድ ትሪ ግን በላን።

አላህ ይዘንልሽ፣ ዘይነቤ። ከዱዓዬ አትጠፊም። አቅም እስካለኝ ድረስ በየአረፋው ማግስት ድርቡን እሠራለሁ። ጨውን መልሼ ልረሳው እችላለሁ። ለአራት መክፈሌን ግን አልተውም።