ጦረኛው እንዳይሞት ስለ ወሰኑልን

ለተከበሩ ጓድ መኳንንት
የቀበሌያችን የወጣቶች መዝናኛ ጉዳይ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ኮልፌ

ታኅሣሥ 5 ቀን 1982 ዓ.ም.

ጤናዎ እንደምን ነው? ቤተሰብዎስ? ልጆችዎ በያሉበት ደህና መሆናቸውን ሰፈሩ ሁሉ ስለሚያውቅ ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል ነው። እኔ ደህና ነኝ። ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ከወፍጮ ቤቱ በታች የምኖር ዋጋነሽ የምባል ሴት ስሆን፣ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። የምስክር ወረቀቴን የሰጡኝ እርስዎ ራስዎ ስለሆኑ ዛሬ መጻፍ በመቻሌ ምስጋናውም ወቀሳውም ለእርስዎ ይሁን። ይህን ደብዳቤ ለመጨረስ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶብኛል። በእጅዎ ልስጥዎ ብዬ ሦስት ጊዜ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ብመላለስ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለተባልኩ፣ ስብሰባ እንዳላቋርጥብዎ ብዬ በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ባለፈው ኅዳር 9 ቀን ማለዳ የዕድራችን ዳኛ አቶ ሀብተሥላሴ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ደጃፌ ላይ ቆሙ፤ ጎረቤቴ ዘይቱና ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ከኋላቸው ነበረች። እሳቸው «እስቲ ቁጭ በይ፣ ዋጋነሽ» አሉኝ፤ እኔም «ከተቀመጥኩ አልነሣምና ቆሜ ልስማው» አልኳቸው። የሃያ ዓመት ልጄ ወንድይፍራው ጥቅምት 2 ቀን በሰሜን ግንባር ወድቋል። አስከሬኑ ስላልመጣ ያለቀስነው በፎቶግራፉ ላይ ነው።

በሣልስቱ ድንኳኑ ሳይነሣ ከጽሕፈት ቤትዎ አንዲት ልጅ መጥታ በልጄ ስም የተጻፈ ደብዳቤ ሰጠችኝ። «ስለ ጨዋታዎ የተሰጠውን ውሳኔ ተረድተው እንዲፈርሙ በሰባት ቀን ውስጥ በአካል እንዲቀርቡ» ይላል። በጥር 1981 ልጄን ለብሔራዊ ውትድርና የጠራው ወረቀት በቤቴ ስላለ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ አየኋቸው፤ ማኅተሙ አንድ ነው። ልጄ በዚህኛው ጥሪ ባለመቅረቡ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በመጀመሪያው በሰዓቱ ቀርቧል።

ነገሩን የማያውቅ አንባቢ እንዳይቸገር ጨዋታውን ላስረዳ። ልጄ፣ የዘይቱና ልጅ ሰይፈዲንና ከቤቴል የምትመጣው ብርቱካን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በእኔ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡ ነበር። ጨዋታውን የቀዱት የህንዱ የሒሳብ አስተማሪያቸው ወደ አገሩ ሲመለስ ከሰጣቸው መጽሐፍ ነው። አንዱ ታሪኩን ይተርካል፤ ሌሎቹ በታሪኩ ውስጥ አንድ አንድ ሰው ይሆናሉ፤ ከአንድ እስከ ስድስት ነጥብ ያለበት የሉዶ ጠጠር ይወረወርና የወጣው ቁጥር ሰውየው መምታቱን ወይም መሳቱን ይወስናል። ሰዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፦ በሰይፍ የሚዋጋ ጦረኛና በቃል የሚዋጋ አስማተኛ። መጀመሪያ ላይ ጦረኛው ይበረታል። ደረጃቸው ከፍ ሲል ግን አስማተኛው ይበርራል፣ ግድግዳ አልፎ ይገባል፣ በአንድ ቃል አንድ ሻለቃ ጦር ያቃጥላል፤ ጦረኛው አንድ ጊዜ ይመታ የነበረው ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ከዚያ በላይ የተጨመረለት ነገር የለም።

ብርቱካን ሁልጊዜ ጦረኛ ነበረች። አንድ ቀን ጠጠሩን አሽቀንጥራ «እኔ በሩን እስክሰብር እሱ ውስጥ ያለውን ጨርሶ ይወጣል! ታዲያ እኔ ምን ልሠራ ነው የመጣሁት?» ስትል፣ ሰይፈዲን «አንቺ ጋሻሽን ወልውዪ፣ እናቴ፤ ስጨርስ እጠራሻለሁ» አላት። እኔ ሽሮዬን እያማሰልኩ ስቄአለሁ። ልጄ አልሳቀም። «እውነቷን ነው» ብሎ ሰማያዊ ደብተሩን አወጣ።

ሁለት ወር ሙሉ ሚዛኑን ሲፈልግ ከረመ። የጦረኛውን ጉልበት ቢጨምር አስማተኛው ከንቱ ሆነ፤ የአስማተኛውን ቃል ቢቀንስ ሰይፈዲን አኮረፈ። በመጨረሻ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ አስማተኛው ቃሉን መናገር የሚችለው ከጦረኛው በሦስት እርምጃ ውስጥ ቆሞ ብቻ ነው፤ ጦረኛው ከወደቀ ቃሉ አፉ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ሰይፈዲን ከራሱ ይልቅ የብርቱካንን ጤና መጠየቅ ጀመረ። «ቆሰልሽ እንዴ? ቀስ በይ እንጂ፣ ውኃ ጠጪ» ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በታኅሣሥ 1981 የኮሚቴዎ አባላት ደብተሩን «ለጥናት» ወሰዱት፤ በሦስተኛው ሳምንት ልጄ ራሱ ተጠራ። ደብተሩን ለማጥናት አሥራ አንድ ወር ፈጅቷል። ልጄን መርምሮ ብቁ ነው ለማለት ግማሽ ቀን በቅቷል። ለወረቀት ይህን ያህል የሚጠነቀቅ መሥሪያ ቤት በሰፈራችን በመኖሩ ኩራት ይሰማኛል። ሆኖም በኅዳር 10 ቀኑ ውሳኔ ላይ ጥቂት ያልገቡኝ ነገሮች አሉ።

1ኛ/ «አስማተኛ» የሚለው ስም ኋላቀር እምነትን ስለሚያስፋፋ «የፖለቲካ አንቂ» ተብሎ እንዲለወጥ፣ ሥልጣኑ ግን ባለበት እንዲቀጥል ወስነዋል። ይህን ለዘይቱና ባነብላት «ታዲያ ምኑ ተቀየረ? ድሮስ እሱን ማን ነክቶት ያውቃል!» አለች። የፖለቲካ ትምህርት ያልወሰደች ሴት ናትና ይቅር ይበሏት።

2ኛ/ የሦስቱ እርምጃ ሕግ «የአመራሩን ነፃ እንቅስቃሴ ስለሚገድብ» ተሰርዟል። እኔ ይህን ሕግ የማውቀው በጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው። ልጄ የወደቀበትን ቦታ አላየሁም፤ ያን ጊዜ ከእሱ በሦስት እርምጃ ውስጥ ማን ቆሞ እንደነበረ የሚነግረኝም አላገኘሁም። በሽኝቱ ቀን ንግግር ያደረጉትን ጓዶች ግን አንድ በአንድ አስታውሳቸዋለሁ፤ ሁሉም እዚሁ በጤና ስላሉ እግዚአብሔር ይመስገን።

3ኛ/ «አብዮታዊ ጦረኛ አይሞትም፤ ጉልበቱ አልቆ ቢወድቅ በሚቀጥለው ተራ ይነሣል» የሚለውን ሳነብ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ አመስግኜዎታለሁ። ከአንዲት እናት በላይ ለዚህ ውሳኔ የሚደሰት የለም። የምለምነው ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ትንሽ ወደ ኋላ እንዲደረግልኝ ነው። ከጥቅምት 2 እስከ ኅዳር 10 ሠላሳ ስምንት ቀን ብቻ ነው። ለኮሚቴው ከባድ ካልሆነ ተራው እስኪደርስ በሬን ከፍቼ እጠብቃለሁ።

4ኛ/ ደብተሩ ይመለስ አይመለስ ውሳኔው አይናገርም።

ጓድ ሊቀመንበር፣ የመጣሁበት ጉዳይ ይኸው አራተኛው ነው። ልጄ ከግንባር የላከልኝ አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ እጁ ቆስሎ ስለነበር እሱንም ያስጻፈው በጓደኛው እጅ ነው። የትምህርት ቤት ደብተሮቹን ይመለሳል ብዬ ለታናናሾቹ አከፋፍዬ በእርሳስ ሞነጫጭረው ጨርሰዋቸዋል። የእጅ ጽሑፉ የቀረው በዚያ ሰማያዊ ደብተር ውስጥ ብቻ ነው። ሄጄ የምቀመጥበት መቃብር የለኝም። ከመርዶው ቀን የተቆጠረው አርባው ታኅሣሥ 18 ቀን ስለሆነ እስከዚያ ደብተሩ ቢደርሰኝ በፎቶግራፉ አጠገብ አኖረዋለሁ። የኮሚቴውን ማሻሻያ አብሮ መላክ አያስፈልግም፤ እሱ የጻፈው ይበቃኛል። ጨዋታው ጎጂ ነው ከተባለም በቤቴ የሚጫወተው እንደሌለ አረጋግጥልዎታለሁ።

ስብሰባው የሚያልቅበትን ቀን በትዕግሥት የምትጠባበቅ፣ ፊደል ላስቆጠሯት ዕድሜና ልጆቻቸውን የማሳደግ ጸጋ የምትመኝ፣ የጥሪ ወረቀቶችዎን ሁለቱንም በክብር ያስቀመጠች፣

ዋጋነሽ፣ የወንድይፍራው እናት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ደብተሩ እንዳልጠፋ ሰማሁ። የኮሚቴው አባላት በምሳ ሰዓት እየተጫወታችሁበት ነው አሉ። ስድስታችሁም አንቂ መሆን ስለመረጣችሁ፣ ጦረኛ የሚሆን ጠፍቶ ተላላኪው ጋሽ ተክለሃይማኖት ያለ ፈቃዳቸው ተመድበዋል ይባላል። እስካሁን አሥራ አንድ ጊዜ ወድቀው በውሳኔው መሠረት አሥራ አንድ ጊዜ ተነሥተዋል። በዚሁ ያበርታቸው። ብቻ እናታቸው በሕይወት ካሉ አስቀድማችሁ አሳውቋቸው።

ይህን ግድግዳ ላይ የምታነቡ ጎረቤቶቼ ደግሞ፣ እህላችሁ እስኪፈጭ ጊዜ አላችሁና ልጄን በጸሎት አስቡልኝ። ክርስቲያኖቹ በክርስትና ስሙ ተክለማርያም በሉልኝ። ሙስሊሞቹ ዱዓ ስታደርጉ ወንድይፍራው ብትሉ ይበቃል፤ ፈጣሪ የትኛው እንደሆነ ያውቀዋል።