ክዳኑ የተፈናጠረው ድስት

ሰኞ፣ ኅዳር 3
እንደ ወትሮው ስክሪን ፊት ተተክዬ ዋልኩ። የድርጅታችንን ስም ማንም፣ የትም ሲጽፍ እኔ ጋ ወዲያው ይወጣል። ሲያሞግሱን አመሰግናለሁ፣ ሲሰድቡን ለአለቃዬ አሳውቃለሁ። ዛሬ አንዱ “ድስታችሁ ከአማቴ በላይ ያፏጫል” ብሎ ጻፈ። ብቻዬን ሳቅኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4
አንዲት ሴት ገጻችን ላይ ፎቶ ለጠፈች። የፕሬዠር ድስታችን ክዳን እሳት ላይ እያለ ተፈናጥሮ ትኩሱ ወጥ ልጇ ፊት ላይ... ትንሽ ልጅ ናት። ጉንጯ በፋሻ ተጠቅልሏል። ከሥሩ ሌሎችም “የእኛም እንዲሁ ሆኗል” ብለዋል።
ሮጬ ለአለቃዬ አሳየሁት። አየት አደረገና፣
“ተፎካካሪዎቻችን ናቸው የሚያስጽፉት። ደብቂው።”
“ፊቷ እኮ ተቃጥሏል...”
“እኔ ሐኪም ነኝ? ደብቂው አልኩሽ።”
ደበቅኩት። ደሜ ፈልቶ ዋለ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6
ሴትዮዋ መልሳ ጻፈች። “አስተያየቴን ለምን አጠፋችሁ?” ማንን ነው የምትጠይቀው? እኔን ነዋ።
ቁጥሯን ጠይቄ በራሴ ስልክ ደወልኩላት። “ዐይኗ ተርፏል” አለችኝ። “ድርጅቱ ነው የላከሽ?” በራሴ ነው አልኳት። “ታዲያ ምን ልታደርጊልኝ ነው?” አለችኝ።
ማታ ቤት ስገባ ያው ድስት ምድጃ ላይ ያፏጫል። እናቴ አጠገቡ ቆማ ሽንኩርት ትከትፋለች። ዘልዬ እሳቱን አጠፋሁት።
“ምን ነካሽ ልጄ?”
“እማዬ፣ ሁለተኛ በዚህ እንዳትቀቅዪ።”
“አንቺ አይደለሽ እንዴ፣ ጥሩ ነው ብለሽ ያመጣሽልኝ?”
እሷንስ አስጣልኳት። ሌሎቹን እናቶች ማን ያስጥላቸው?

ዓርብ፣ ኅዳር 7
ስብሰባ። አለቃዬ ግራፍ ዘርግቶ “በዚህ ሳምንት መጥፎ አስተያየት ቀንሷል” አለ። ተጨበጨበለት። የቀነሰው እኔ ስለደበቅኩት ነው... አላስቻለኝም።
“ቃጠሎው ግን አልቀነሰም” አልኩ።
ሁሉም ዞሮ አየኝ። እሱ ፈገግ ብሎ “ደክሟት ነው” አላቸው። እንደ ሕፃን። ይኼን አልረሳለትም።
ወንበሬ ላይ ተመለስኩና የደበቅኩትን ሁሉ ገለጥኩት። ከዚያ በራሴ ስም ጻፍኩ፦ “የዚህ ድርጅት ሠራተኛ ነኝ። ድስቱን አትጠቀሙበት።”

ሰኞ፣ ኅዳር 10
መታወቂያዬን ተቀበሉኝ። አለቃዬ በር ድረስ ተከተለኝ። “አሁን እናትሽን ምን ልታበያት ነው?”
“በሌላ ድስት የተቀቀለ” አልኩት። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወረድኩ። በንዴት ይሁን በፍርሃት እንጃ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15
ድስቱን ከየሱቁ እየሰበሰቡት ነው። መግለጫ አውጥተዋል፦ “በራሳችን ተነሳሽነት።” በራሳችን... ሦስቴ አነበብኩት። ንዴቴ ሊበርድልኝ አልቻለም።
ከሰዓት በኋላ ሴትዮዋ ደወለች። ፋሻው ተነስቷል። ስታመሰግነኝ ልጅቷ ስልኩን ነጠቀቻት።
“እማዬ መስታወቱን ወስዳ የሆነ ቦታ አስቀምጣብኛለች። ለምን እንደሆነ ጠይቂልኝ።”
ነገ እነሱ ጋ እሄዳለሁ። ምን እንደምላት ግን አላውቅም።