ሙሉነሽ የባሏን ስም ባለመጥራቷ የተነጠቀችው ክኒን

ለተከበሩ ለአቶ ስማቸው፣ ለጤና ጣቢያችን ሹም፤ ድሮ ቁስል አጣቢ፣ ከመስከረም ወዲህ ደግሞ የሴቶች ጭንቅላት መርማሪ፣
ካሉበት

ቀን፦ ጥቅምት አማኑኤል፣ 1961 ዓ.ም.

እንደምን ሰንብተዋል ጌታዬ? ጤናዎ እንዴት ነው፣ በተለይ ጭንቅላትዎ እንዴት ሰነበተ? እኛ ከዘንገና ሐይቅ ማዶ ያለን ሰዎች፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን፤ ያበደ የለም፣ ቢኖርም ከእርስዎ መዝገብ ውጭ አላየነውም።

እኔ ይታይሽ እባላለሁ፣ የሙሉነሽ አማት ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት የኔታ ቤት ለሚማረው ወንድሜ ስንቅ ሳደርስ ከአጥሩ ማዶ ቆሜ ስለሆነ፣ ፊደሌ ቢያነክስ ከአጥሩ ነው እንጂ ከክኒን አይደለምና እባክዎ እንዳይመዘግቡብኝ።

ይህን ደብዳቤ በርዎ ላይ ተለጥፎ ለሚያገኘው መንገደኛም እንዲገባው ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ሙሉነሽ ሰባት ወልዳለች። በሰባተኛው ሁለት ቀን ሙሉ ደም ፈሷት በቃሬዛ ተሸክመን ስናመጣት፣ እርስዎ ራስዎ ‹ስምንተኛ ከደገመች ቃሬዛው የሚሄደው ወደኔ ሳይሆን ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው› ብለው፣ ሕፃኑ ሦስት ወር ሲሞላው ወሊድ የሚያዘገየውን ክኒን ሰጧት። ለዚህ ምስጋናዬ ከልብ ነው፤ እዚህ ላይ አሽሙር የለበትም፣ አሽሙሩ ወደ ታች ነው።

ከዚያ በመስከረም ክኒን የሚውጡትን ሴቶች ሁሉ ጠርተው፣ ክኒኑ የሴትን ጭንቅላት ይነካ እንደሆነ አጠናለሁ ብለው አንድ በአንድ ጠየቁ። ሙሉነሽንም ውኃ እስኪፈላ እንኳ ላልሞላ ጊዜ ጠይቀው ‹ጭንቅላቷ ተነክቷል› ብለው ጻፉና ክኒኑን ነጠቋት። ደጅ ተቀምጬ ሁሉን ሰምቻለሁ፤ በርዎ አይገጥምም። ስለዚህ አቤቱታዬ በቁጥር ይኸው፤ ቁጥር ይወዳሉና።

አንደኛ፤ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው አሏት። ጊዮርጊስ ነው አለችዎ። ‹ቀን አታውቅም› ብለው ጻፉ። ለካስ ሃያ ሦስት እንድትልዎ ኖሯል የፈለጉት። ጌታዬ፣ ቁጥር የሚያስፈልገው ቀኑ ለጠፋበት ሰው ነው፤ ጊዮርጊስን የምታውቅ ሴት ዝክሩ የማን ቤት እንደሆነም ታውቃለች።

ሁለተኛ፤ ከመቶ ጀምረሽ ሰባት ሰባት እየቀነስሽ ቁጠሪ አሏት። በኛ አገር ሰው የሚቆጥረው ወደ ላይ ነው፤ ወደ ታች የሚቆጥር ከብቱ የተሰረቀበት ነው። ደግሞስ ሰባት የልጆቿ ቁጥር አይደለም ወይ? ሰባት ቀንሺ የሚባል ነገር ለእናት ይነገራል? እኔ ከበሩ ሥር ሆኜ ሦስቴ አማተብሁ።

ሦስተኛ፤ አምስት ቃል ነገሯትና ጥቂት ቆይተው መልሰሽ በያቸው አሏት። ሹም የተናገረውን እንዳለ መልሶ መናገር በኛ ዘንድ በሹሙ ላይ ማሾፍ ነውና ስላከበረችዎ ዝም አለች። ቃሎቹ ጋሪ፣ ጨው፣ መስኮት፣ በቅሎ፣ ጃንጥላ ነበሩ። እኔ አርጅቻለሁ፣ ነውር የለብኝም።

ያዋረደን ግን አራተኛው ነው። የባልሽ ስም ማን ነው አሏት። አንገቷን ደፋች። ደገሙ። ‹እሱ› አለችዎ። እሱ ማን አሏት። ‹የልጆቹ አባት› አለች። በቀይ ቀለም ‹የባሏን ስም ረስታለች› ብለው ጻፉ። ጌታዬ፣ ያገራችን ሴት የባሏን ስም በአፏ አትጠራም፣ ይህን እንዳልነግርዎ ደግሞ የዚሁ ያገራችን የአዘና ልጅ ነዎት። እናትዎ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አባትዎን ‹ሰውዬው› እንዳሉ ነው ያረፉት። ታዲያ እሳቸውም ክኒን ውጠው ኖሯል? እርስዎስ በየት በኩል ተወለዱ?

ረሳችው ያሉት ስም ደርበው ነው። እኔ ስለወለድሁት እጠራዋለሁ። ደርበው። እሱንም በቀይ ይጻፉት።

ጥናቱ ይቅር አላልሁም። እንዲያውም ይጠና። ሙሉነሽ ክኒኑን በጀመረች በመጀመሪያው ወር ግራ ራሷን ይወጋት ነበር፣ ሽንኩርት ሳትከትፍም ታለቅስ ነበር፤ በሦስተኛው ወር ለቀቃት። ይህን አልጠየቋትም። ብትጠየቅ ትነግርዎት ነበር፣ ባትነግርዎም እኔ ነበርሁ። ነገር ግን ከክኒኑ በፊት የነበረውንም ጭንቅላት ይመዝግቡ እንጂ፤ ሰባተኛውን በወለደች በወሩ፣ እንቅልፍ አጥታ፣ ሕፃኑን መደብ ላይ አስተኝታ የወተቱን ቅል አዝላ ወንዝ ወረደች። እሽሩሩ እያለችው። ያን ጊዜ አጥኚ አልመጣም።

ክኒን ያልነካው ጭንቅላት ማየት ካሻዎም እኛ ቤት አለልዎ። የኛ ሰውዬ፣ የደርበው አባት፣ ባለፈው ዳንግላ ገበያ በፈረስ ሄዶ በእግሩ ተመለሰ፤ ፈረሱ ቀድሞት ገብቶ ገለባውን ይበላ ነበር። ሰውዬው በዕድሜው አንዲት ክኒን አልቀመሰም። ጤነኛ ጭንቅላት ከፈለጉ ፈረሱን ይጠይቁ፤ እሱም ቢሆን የጌታውን ስም አይነግርዎትም።

አሁን ወደ ጭንቀቴ። ከመስቀል በኋላ ለሥራ ቆላ የወረደው ልጄ በኅዳር ሚካኤል ይመለሳል፤ ለእርስዎ በአሥራ ሁለት ማለት ነው። ይናፍቃል፣ ትናፍቃለች፤ እኔ በመካከላቸው ተጋድሜ ዘብ ላድር ወገቤ አይፈቅድልኝም። ቃሬዛውንም ምስጥ በልቶታል። ሰባቱ ልጆች እናት ያላቸው በእርስዎ መሳቢያ ውስጥ በተቆለፈው ክኒን ነውና፣ ቀይ ቀለምዎ ሳይደርቅ መሳቢያውን ይክፈቱልን። ሌላ ጊዜ ሲያጠኑ ደግሞ አማቶችን ይጠይቁ፤ ምራት የደበቀችውን እኛ እናውቃለን።

ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ዝቅ ያልሁበት ወገቤ እስኪቀና ድረስም ደጅዎን ሳልለቅ፣ አክባሪዎ፣
ይታይሽ፣ የደርበው እናት

ግልባጭ፦
ለጤና ጣቢያው በር፤
ለዳንግላ ጋሪ ማቆሚያ፤
ለወይዘሮ ራሂማ ሱቅ (ፊደል ላልቆጠረ እሷ ጮክ ብላ ታነባለች)።

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ቢያገላብጡት የኔን ባል ስም አያገኙትምና፣ እኔንም ረስታለች ብለው በቀይ ይጻፉኝ። የእርስዎ ባለቤት ግን ዘመናዊ ናቸው፣ ባላቸውን ይጠራሉ፤ ባለፈው ገበያ እርስዎን ሲጠሩ እስከ ጋሪዎቹ ድረስ ተሰምቷል። የጠሩበት ስም ግን በርዎ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ አይደለምና፣ ስምዎን ሳይረሱት አልቀሩም፣ ቶሎ ይመርምሯቸው።