ለእማዬ ነው ያልኩት ዘፈን

ለታላቅ ወንድሜ ለጦልሃ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የአላህ ሰላም በአንተ፣ በሳቢሪንና በትንሿ ዱኒያ ላይ ይሁን። ጤንነትህ እንዴት ነው? የኦስሎ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ? ልጅቷ አማርኛ ትሰማለች ወይስ በኖርዌይኛው ብቻ ቀረች? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የመጋላን ሙቀት እንደሆነ ታውቀዋለህ።

አባባን ከቀበርን እነሆ አርባ ቀን ሞላው። የለቅሶውን ሁኔታ በስልክ ነግሬሃለሁ። ያልነገርኩህ አንድ ነገር አለ። ድምፅህን እየሰማሁ መናገር ስላቃተኝ፣ የጎረቤታችን ልጅ ኹርሲ ወደ እናንተ ስትመለስ ይህን ወረቀት ሰጠኋት።

ለአባባ ያወጣኸውን ዘፈን ከመጋላ እስከ ከዚራ ያልከፈተው ባጃጅ አልነበረም። እሱ ግን ዕድሜ ልኩን በባቡሩ ጋራዥ ብረት ሲቀጠቅጥ ኖሮ ጆሮው ደክሞ ነበር፤ አጠገቡ ካልጮኹለት አይሰማም ነበር። አንድ ቀን ከዙህር ሶላት ሲመለስ ሰዎች እየጨበጡ ልጅህ ዘፈነ ብለውት ኖሮ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ስለ ማን ነው የዘፈነው ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ሞኟ ባጃጅ ውስጥ የሰማሁት መጀመሪያውን ብቻ ነበር፤ አባባ ጊታርህን በመዶሻ የሰበረበትን ቀን። በስተርጅናው አገር ፊት ሊያፍር ነው ብዬ ፈራሁ። ጆሮው ላይ ጮኬ ለእማዬ ነው አልኩት።

ጫማውን አወለቀና፣ ይገባታል፣ ሲሄድ ያለቀሰችለት እሷ ናት አለ። ሁለተኛ አልጠየቀኝም። ከዚያ ወዲህ ሰው መንገድ ላይ ስለ ዘፈኑ ሲያመሰግነው ሟቿን እማዬን አስቦ አላህ ይዘንላት እያለ ይመልስ ነበር። ዘፈኑ ስለ ራሱ መሆኑን የሚያውቀው ሰውም ሽማግሌው ጃጀ ብሎ ያልፈው ነበር። እኔ ውሸቴ እንዳይታወሰኝ ዘፈኑ ሲከፈት ጆሮዬን እደፍን ነበር።

እስከ መጨረሻው የሰማሁት ከቀብሩ በኋላ ነው። ምት ያስተማረህ ያው መዶሻ መሆኑን፣ አባቴ አውፍ በለኝ ብለህ ይቅርታ እየጠየቅኸው መጨረስህን ያኔ ሰማሁ። ይህን ብነግረው ምን ነበረበት?

አንተ ደውለህ ሰማው ወይ ስትለኝ ሰምቶ አለቀሰ ብዬሃለሁ። ያንን በየመድረኩ ስትናገር በስልኬ አይቻለሁ። እባክህ ወንድሜ፣ ከእንግዲህ አትናገረው። አባባ ዘፈንህን ሳይሰማ ነው የሞተው።

ጀናዛው ከቤት ሊወጣ ሲል ሼኹ፣ የበደላችሁ ነገር ካለ አውፍ በሉት አሉ። ጎረቤቱ ሁሉ አውፍ ብለናል አለ፤ እኔም አልኩ። እኔን አውፍ ማለት የነበረበት ግን እሱ ነበር።

ባለቤቴ ከሪም ሰላም ይልሃል። አክስታችን ራሕማ ዱኣ ታደርግልሃለች። ልጄ ሙስአብ ጥርሱን ነቅሏል፤ ለአጎቴ ንገሪልኝ ብሏል። ሳቢሪንን ሰላም በልልኝ፣ ዱኒያን ሳምልኝ።

በአባባ ፈንታ አውፍ ማለት ከቻልክ ደውልልኝ። ካቃተህም አልቀየምህም፤ ስልኩ ባይጮህ ይገባኛል።

እህትህ ሲሃም
መጋላ፣ ድሬ ዳዋ
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.