ዳመናው የሄደበት

ይድረስ ለማልጠግብህ ልጄ፤

እንዴት ነህ? ከራስ ጠጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ ደህና ነህ ወይ? የምታድርበት ቤት ጣሪያውስ ደህና ነው? ይኼን ጥያቄ እንዲያው አልጠየቅሁህም፤ እያነበብህ ስትሄድ ይገባሃል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ቀይዋ ላም ወለደች። በርበሬው መቅላት ጀምሯል፤ ጤፉም አሽቷል።

መተማ ሰሊጥ አጨዳ ወርደህ በወባ ሞተ የሚል መርዶ ከመጣ ወዲህ ምን ሆኜ እንደኖርሁ አታውቅም። ተዝካርህን ባወጣን ዓመት በረዶ መላሹ መሪጌታ ያረጋል በድንበር ከተጣሉት ወንድማቸው ጋር ታረቁ። አገሩ እልል አለ። በወሩ በረዶ መጥቶ በቆሎውን ከጭቃ ደባለቀው። ለካ በረዶውን ሲመልሱልን የኖሩት በወንድማቸው ላይ በነበራቸው ንዴት ነው! ጸሎቱ ጥይት ነው፣ ባሩዱ ግን የሰው ልብ ነው፣ የኔ ባሩድ አለቀ ብለው ራሳቸው ነገሩን። ወንድምየው እንደገና እንዲያስቀይማቸው ሊለምን የሄደም ሰው ነበር፤ አትሳቅ፣ እውነቴን ነው።

ከዚያ መሪጌታና አገሬው ወደ እኔ መጡ። ከአገሩ ሁሉ ኀዘን የበረታብኝ እኔ ነኝና። ከሰከላ በኩል ጥቁር ዳመና ሲነሣ ከማሳው ዳር ያቆሙኛል፤ መሪጌታ ይደግማሉ፣ እኔ አንተን እያሰብሁ አለቅሳለሁ። የመጀመሪያው ቀን ብርቱ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። ዳመናው የሚሄደው የአልቃሿ ልብ ወደሄደበት ነው፤ በሕይወት ላለ ሰው እንዳታለቅሺ አሉኝ። ለሞተ ሲሆን ልብ መድረሻ የለውም፤ ዳመናውም ሰው ወደሌለበት ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ይዘረገፋል። እውነትም በየዓመቱ እንዳሉት ሆነ።

ሰዉ ቅቤ ይዞልኝ ይመጣል። ኀዘንሽ እንዴት ነው ይሉኛል፣ ላሚቱ ትታለባለች ወይ እንደሚሉት። በዘመዳችን በውዳሴ ሠርግ ትንሽ ብስቅ ክንዴን ይዘው ከዳሱ አወጡኝ። በጣም ተናደድሁ። ግን ኀዘኔ የልጆቻቸው ጉርሻ ነውና ምን ልበል?

ባለፈው ነሐሴ የጎረቤታችን ልጅ ሰርካለም ከቡሬ ተመልሳ ገባችና በሩን ዘጋች። መናኸሪያ ጭነት ስትሸከም እንዳየችህ፣ ስትጠራህም ዞረህ እንዳናገርሃት ነገረችኝ። ተዝካርህ መውጣቱን ሰምተህ ባዶ እጅህን መምጣት አፍረሃል አለችኝ። ለመስቀል ለእናቴ ጋቢ ይዤ እመጣለሁ ማለትህንም ነገረችኝ። መሬቱን ሳምሁት። ለማንም ግን ትንፍሽ አላልሁም፤ ስትመጣ አብረን እንነግራቸዋለን፣ እስከዚያ ዳመና ላይመጣ ይችላል ብዬ።

ዳመናው ግን በጳጉሜን መጣ። እምቢ ብል ምክንያቱን ይጠይቁኛል፤ ማሳውም የሁሉም ነው። ቆምሁ። አንተን ላለማሰብ ታገልሁ፤ ስለ ጥጃዋ አሰብሁ፣ ስለ አጥሩ አሰብሁ። ግን ጠዋት ወጥተህ ለምሳ የምትደርስበት አገር ሆነህ፣ የሰው ከረጢት እየተሸከምህ፣ እኔ ዘንድ ሳትመጣ መቅረትህ አንገበገበኝ። ለሞትህ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም። ዳመናው ቀጥ ብሎ ወደ ቡሬ ሄደ። መሪጌታ ድግምታቸውን አቋርጠው ዞረው አዩኝ። ማን አለሽ እዚያ አሉኝ። ነጠላዬን ተከናንቤ ወደ ቤቴ ገባሁ።

በማግሥቱ የፍኖተ ሰላም ገበያ ወሬው ሁሉ ያ በረዶ ነበር። ቡሬ ውስጥ ተሸካሚዎች የተጠለሉበት ዳስ ተደረመሰ አሉ። ገበያዬን ጥዬ ተመለስሁ፤ ሰርካለምን ላክኋት። ሄዳ መጣች። ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው አለችኝ። ጋቢውን ይዛ ነበር። ራሴ አመጣዋለሁ ብሎ አልነበረም ወይ ብላት ጋቢውን መደቡ ላይ አኑራ ወጣች። ጋቢው ታጥቧል። አዲስ ጋቢ ለምን እንደሚታጠብ አልገባኝም።

ትናንት ዳመናው ከሰከላ እንደገና ተነሣ። ሊወስዱኝ ሲመጡ መሪጌታን ለብቻቸው አድርጌ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ልጄ በሕይወት አለ፣ ቡሬ ነው ያለው፣ እኔ ካለቀስሁ እሱ ላይ ነው የሚወርደው አልኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም። አንሥተው ትከሻዬን ያዙኝ፤ እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ። ከእንግዲህ ግድ የለም፣ ነይ ቁሚ አሉኝ።

ቆምሁ። ዳመናው ወደ ዓባይ በረሃ ወረደ። ማሳው ተረፈ፤ ትናንት ግን እልል ያለ ሰው የለም። እኔ እስኪመሽ ድረስ ወደ ቡሬ በኩል ስመለከት ቆየሁ፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር።

ሰርካለም ይኼን ደብዳቤ አላደርስም ብላ እያለቀሰች መለሰችልኝ። ለሹፌር እሰጠዋለሁ፤ ቡሬ መናኸሪያ ብዬ ጽፌበታለሁ። አይተኸው ከሆነ ለመስቀል ና። ባዶ እጅህን ና። በረዶው ይምጣና በርበሬውንም ጤፉንም ይውሰደው፣ እኔ ከእንግዲህ አልቆምም። ጋቢውን አልለበስሁትም፤ አንተው እንድታለብሰኝ አስቀምጬዋለሁ።

ከላይ ከሚወርደው ሁሉ የሚጋርድህ አምላክ ባለህበት ጥላ ይሁንህ።

ደጁን ያልዘጋችው
እናትህ